ዑደተ ሙቀት፦ ያረጀ ፓምፕ ስለ መለወጥ በደብረ ሲና የተነገረ ዲስኩር



የከተማችን ስም፣ ሊቀ ነቢያት ሙሴ በነበልባል ተከብባ ያልተቃጠለችውን ዕፀ ጳጦስ ያየበት የዚያ ተራራ ስም ስለ ሆነ፣ በዚህ ስፍራ ቆሞ ስለ እሳትና ስለ ሙቀት መናገር ባዕድ ነገር ማምጣት አይሆንም። ስለ ብርድ ግን ለደብረ ሲና ሰው መናገር ለቆለኛ ስለ ፀሐይ እንደ መስበክ ያለ ነው፤ የጣርማ በር ነፋስ በኅዳር ሌሊት በበር ስንጥቅ እየገባ ሲያፏጭ እየሰማ ያደገ፣ ማለዳም ወደ መስክ ሲወጣ ሣሩን ውርጭ አንጥቶት ያገኘ ሰው፣ የቁርን ትርጓሜ ከመጽሐፍ አይማርም። ስለዚህ ብርዱን ለእናንተው ትቼ፣ ሙቀት ከነደደበት ስፍራ ተነሥቶ ወደሚፈለግበት ስፍራ እንደ ምን እንደሚጓዝ፣ ይህንም ጉዞ የሚያስኬደው ትንሽ መሣሪያ፣ ይኸውም በቤት ማሞቂያ ውስጥ ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ፣ ባረጀ ጊዜ እንደ ምን እንደሚለወጥ፣ ከመለወጡም በፊት መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ።

እኔ በዚህች ከተማ ተወልጄ ፊደል የቈጠርሁ ስሆን፣ በኋላ በጀርመን አገር ከአንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ዘንድ ተቀጥሬ፣ በቧንቧና በቤት ማሞቂያ ሥራ ለብዙ ዓመታት እንጀራዬን በልቻለሁ። የምናገረው በእጄ የፈታሁትንና በእጄ የገጠምሁትን ነገር ስለ ሆነ፣ ቃሌ ቢረዝም በትዕግሥት ትሰሙኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አባቶቻችን ቁርን የተከላከሉት ገላቸውን በመሸፈን እንጂ ቤታቸውን በማሞቅ አልነበረም። የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎና ተሸምኖ፣ ባናና ዝተት እየሆነ የሌሊቱን ብርድ ይመልስ ነበር፤ ጥቁሩ በርኖስ እረኛውንና መንገደኛውን ከነፋስና ከዝናም ይጋርድ ነበር፤ ጎረቤታችን ደብረ ብርሃንም ይህንኑ የአባቶች ጥበብ ተከትላ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ወደ እሳቱ ስንመለስ ግን ምድጃው በቤቱ መካከል ነበር፤ በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ፊቱ ሲለበለብ ጀርባው ይበርደዋል፤ በጓዳ የተኛው ሕፃን ከዚያ ሙቀት ድርሻ የለውም፤ ጢሱ ግን ለሁሉም ይደርሳል፤ ከሁሉም ይልቅ የእናቶቻችንን ዐይንና ሳንባ ይጐዳል። እንግዲህ የምድጃው ጕድለት ከእሳቱ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ሙቀቱ ከተወለደበት ስፍራ አንሥቶ የሚያደርሰው ተሸካሚ በማጣቱ ነው።

ብርድ የጸናባቸው የሰሜን አገሮች ጠቢባን ለዚህ ጕድለት ያገኙት ተሸካሚ ውኃ ነው። እሳቱን በምድር ቤት ወይም በአንድ ጓዳ ለብቻው አኑረው በእርሱ ላይ ውኃ ያሞቃሉ፤ የሞቀው ውኃ በቧንቧ ወደ እየክፍሉ ሄዶ፣ ራዲያተር በሚባለው የብረት ሰሌዳ ውስጥ አልፎ፣ ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ፣ ቀዝቅዞ ወደ ማሞቂያው ይመለሳል፤ ዳግመኛም ሞቆ ይወጣል፤ ያው አንዱ ውኃ፣ ሥርዓቱ ጤናማ እስከ ሆነ ድረስ ሳይጨመርና ሳይቀነስ፣ ዓመት እስከ ዓመት ይዞራል። ይህን ዙረት ዑደት ብዬ ስጠራው፣ ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ወደ መንበሩ የሚመለስበት ሥርዓት በዚህ ቃል እንደሚጠራ ካህናት አባቶቼ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ቅዱሱን ነገር ከብረትና ከቧንቧ ጋር ማስተካከል ከእኔ ይራቅ፤ ነገር ግን ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ሰጥቶ የሚመለስን ነገር የሚገልጽ ከዚህ የተሻለ ቃል በቋንቋችን ስላላገኘሁ ተውሼዋለሁ።

ውኃው ያለ ፓምፕ ይዞራልን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከደጃችን አለ። ከሸዋ ሮቢትና ከቀወት ቆላ የሞቀው አየር እርጥበቱን ተሸክሞ ገደሉን ይዞ ሲወጣ፣ ከፍ ባለ መጠን እየቀዘቀዘ፣ ከጣርማ በር አፋፍ ሲደርስ መንገዱን የሚጋርደው ጉም ይሆናል። በሞተር የገፋው የለም፤ የሞቀ ነገር ይቀልላልና ይወጣል፣ የቀዘቀዘ ነገር ይከብዳልና ይወርዳል። ውኃም እንዲሁ ነው፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 998 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ 80 ዲግሪ የደረሰው ግን 972 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ የጥንቱን ማሞቂያ ያለ አንዳች ሞተር ያዞረው የነበረው ይህ የ26 ኪሎ ልዩነት ነው። ማርተን ትሪቫልድ የተባለ የስዊድን መሐንዲስ፣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1716፣ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል አንድ የአትክልት ቤት በሙቅ ውኃ አሙቋል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ጣራዎች ላይ የምናያቸው፣ ጋናቸው ከመስተዋታቸው በላይ የተጋደመ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች፣ ውኃቸውን የሚያዞሩት በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ደካማ ነው። በእርሱ ብቻ የሚሞቅ ቤት እንደ ክንድ የወፈረ ቧንቧ ያስፈልገዋል፤ ማሞቂያውም ከሁሉ በታች መቀመጥ አለበት፤ ከማሞቂያው የራቀው ክፍል እስኪሞቅ ድረስ ግማሽ ቀን ያልፋል። ቪልሄልም ኦፕሌንደር የተባለ የዶርትሙንድ ከተማ ሰው በቧንቧው ክርን ውስጥ ትንሽ ተሽከርካሪ ክንፍ አግብቶ፣ ከውጭ በኤሌክትሪክ ሞተር እያዞረ ውኃው እንዲፋጠን አደረገ፤ የፈጠራ መብቱም በ1929፣ በእነርሱው አቈጣጠር፣ ተመዘገበለት። ከዚያ በኋላ ቧንቧው ቀጠነ፤ ማሞቂያውም በፈለጉት ስፍራ ተቀመጠ፤ ሙቀት እንደ ጉሙ በራሱ ፈቃድ እስኪወጣ መጠበቅ ቀርቶ፣ ታዝዞ የሚሄድ መልእክተኛ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ይህ ፓምፕ ለእናንተም እንግዳ አይደለም፤ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፣ ዕቃ እንደ ጫነ፣ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ወደ ፈለፈሉት ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣ ከባድ መኪና ሁሉ ወንድሙን በሆዱ ይዞታል። ሞተሩ የሚወልደውን ሙቀት ውኃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል፤ ራዲያተሩም ለነፋስ ይሰጠዋል፤ ውኃውን የሚያዞረው ግን የውኃ ፓምፑ ነው። ፓምፑ የደከመ እንደ ሆነ ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ያፈላል፤ ሾፌሩ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ረዳቱም ጀሪካን አንጠልጥሎ ውኃ ፍለጋ ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ በዚህ ከፍታ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ ከ92 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ የዳገታችን ፍርድ ከቆላው ይልቅ የጠነከረ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር እንደሚያውቀው፣ ችግሩ ከፓምፑ ከሆነ የሚጨመረው ውኃ ጥቂት መንገድ ቢያስኬድ እንጂ ዳገቱን አያስጨርስም። በመኪና ውስጥ ሙቀቱን ለማስወገድ የሚደክመው ይህ መሣሪያ፣ በቤት ውስጥ ያንኑ ሙቀት ለማደል ይደክማል።

በቤቱ ፓምፕ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ጥቂት ነው። በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ ክንፍ መንኰራኵር ተተክሏል፤ ሲሽከረከር ውኃውን ከመካከሉ ተቀብሎ ወደ ዳር ይወረውረዋል፤ በሌላው ጫፍ ሞተሩ አለ። በአሁኑ ዘመን የቤት ፓምፖች ዘንጉና ኩሽኔታው በዚያው በሚዞረው ውኃ ውስጥ ተነክረው ስለሚሠሩ፣ ዘይትም ግራሶም አይቀቡም፤ የሚያለሰልሳቸውም ውኃው ነው፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ውኃው ነው። ስለዚህ ፓምፑ ያለ ድምፅ፣ ያለ ጠባቂ ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ነገር ግን ዕድሜው በውኃው ንጽሕና ተወስኗል። ይህን ቃል አደራ ብዬ አስቀምጣለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

የሥራውን መጠን ለማወቅ ለሚሹ ተማሪዎች ሒሳቡ ይህ ነው፤ 10 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚያስፈልገው ቤት ውኃው 20 ዲግሪ ቀዝቅዞ የሚመለስለት ከሆነ፣ በየሰዓቱ 430 ሊትር ያህል ውኃ መዞር አለበት። ይህን ለማዞር የቀድሞው ፓምፕ 80 ዋት፣ አዲሱ ደግሞ 15 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ሁለቱም በዓመት 5,000 ሰዓት ቢሠሩ፣ አሮጌው 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲፈጅ አዲሱ 75 ይበቃዋል። የኤውሮጳ ኅብረት፣ በራሱ አቈጣጠር፣ ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ አባካኝ የሆኑት ፓምፖች ለገበያ እንዳይቀርቡ በሕግ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በጀርመን አገር ሳለሁ፣ በበረዶ ወራት፣ አንዲት ባልቴት ብቻዋን ከምትኖርበት ቤት ተጠርተን ከሽማግሌው አሠሪዬ ጋር ሄድን። ሴቲቱ ካፖርቷን ለብሳ፣ በጕልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ተቀምጣ ነበር፤ የመንዝ አሮጊቶች በባና ተጠቅልለው በምድጃ ዳር ሲቀመጡ ያየሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ወደ ምድር ቤት ስንወርድ ማሞቂያው እየተነሣ እየጠፋ ነበር። ሽማግሌው መሣሪያ ሳያወጣ አስቀድሞ በቧንቧዎቹ ላይ መዳፉን አኖረ፤ ከማሞቂያው የሚወጣው ቧንቧ እጅ የማያስነካ ነበር፤ የሚመለሰው ግን እንደ ክረምት ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ቀጥሎም የካቻቪቴውን ጫፍ በፓምፑ ገላ ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ሞተሩ ያጕረመርማል፣ ዘንጉ ግን አይዞርም። «እሳቱ ደኅና ነው፤ ተሸካሚው ሞቷል» አለኝ። ያ ቤት እሳት ሳያጣ በብርድ ይጠበስ ነበር።

አሮጌ ፓምፕ ሁሉ ወዲያው ይጣል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሙቀት በማያስፈልግበት ወራት ቆሞ ሲሰነብት ዘንጉ ይጣበቃል፤ በመካከሉ ያለውን መዝጊያ ፈትቶ፣ ዘንጉን በካቻቪቴ በቀስታ ቢያዞሩት የሚነሣ አለ፤ አየር ታምቆበት የቆመም ቢሆን አየሩን ቢያስተነፍሱት ይዞራል። የዚያች ሴት ፓምፕ ግን ሦስት ጊዜ ተሽከርክሮ ቆመ፤ ኩሽኔታው ተበልቶ ነበርና መለወጥ አስፈለገው። ሽማግሌው ሥራውን ለእኔ ተወልኝ፤ እርሱ ቆሞ ይመለከት ነበር።

ሥርዓቱን እንደ ሠራሁት በተራ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ ዘጋሁ፤ መዝጋቴን ብቻ ሳላምን ሽቦው ኃይል እንደሌለው በመፈተሻ አረጋገጥሁ፤ ኤሌክትሪክ ይቅርታ የማያውቅ ነገር ነውና። ሁለተኛ ውኃው እስኪበርድ ጠበቅሁ። ሦስተኛ ከፓምፑ ወዲያና ወዲህ ያሉትን ቫልቮች ዘጋሁ፤ እነዚህ ቫልቮች ባይኖሩ ወይም በዝገት ተይዘው እንቢ ቢሉ፣ የቤቱን ውኃ በሙሉ ማፍሰስ ግድ ይሆን ነበር። አራተኛ ከሥሩ ባልዲ አኑሬ፣ ጨርቅ አንጥፌ፣ ሁለቱን ትላልቅ ዳዶዎች በሁለት መፍቻ፣ አንዱን እየያዝሁ አንዱን እያዞርሁ ፈታሁ፤ በአንድ መፍቻ ብቻ የሚታገል ሰው ዳዶውን እፈታለሁ ሲል ቧንቧውን ይጠመዝዛል።

የወጣውን ፓምፕ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ርዝመታቸውን ለካሁ፤ ከአፍ እስከ አፍ 130 ወይም 180 ሚሊ ሜትር የሆኑት በቤቶች ይበዛሉ፤ የዚያ ቤት 180 ነበር። በገላው ላይ የተቀረጸውን ቀስት አየሁ፤ ቀስቱ ውኃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ያመለክታል፤ አገልብጦ የገጠመ ሰው ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል። ዘንጉ ወደ ጐን የተጋደመ እንዲሆን ተጠነቀቅሁ፤ ቆሞ ቢገጠም ክብደቱ በአንድ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፣ አየርም ከላይኛው ጫፍ ይታመቃልና። የሽቦው ሣጥንም የሚንጠባጠብ ውኃ እንዳያገኘው ከሥር እንዳይውል አደረግሁ። አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ጥዬ አዲስ አገባሁ፤ በጥቂት ሳንቲም ጎሚኒ ስስት ምክንያት ወለል ሙሉ ውኃ የፈሰሰበትን ቤት አይቻለሁና። ሽቦዎቹን፣ የምድሩን ሽቦ አስቀድሜ፣ በየስፍራቸው አሰርሁ፤ ቫልቮቹን በቀስታ ከፈትሁ፤ የግፊቱን መለኪያ እያየሁ እስከ አንድ ባር ተኩል ሞላሁ፤ በየራዲያተሩ ጫፍ የታመቀውን አየር አስተነፈስሁ፤ በመጨረሻም ኤሌክትሪኩን አበራሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሚመለሰው ቧንቧ ከመዳፌ ሥር ሲሞቅ፣ ሴቲቱም ከላይ ሆና ካፖርቷን ስታወልቅ፣ እንደዚያ ያለ ደስታ በሥራዬ አግኝቼ አላውቅም።

ነገር ግን በሚከተለው የበረዶ ወራት ያ አዲሱ ፓምፕ ሞተ።

ሽማግሌው አልተቈጣም። ፓምፑን ፈትቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲያፈስሰው፣ ከውስጡ እንደ ቀለም የጠቈረ ጭቃ ወጣ። ማግኔት ቢያስጠጋበት ጭቃው ተነሥቶ ተጣበቀ፤ የብረት ዝገት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «አምና ስትለውጠው፣ ይህን የገደለው ምንድን ነው ብለህ ጠይቀሃልን?» መልስ አልነበረኝም። የሞተውን አውጥቼ ሕያዉን ተክቼ ነበር፤ ገዳዩን ግን በቤቱ ውስጥ ትቼው ነበር።

ፍለጋውን አብረን ጀመርን። የተዘጋ ውኃ በውስጡ ያለውን አየር በጥቂት ቀን ከጨረሰ በኋላ ብረትን አብዝቶ አያዝግም፤ ስለዚህ ይህን ያህል ዝገት ከተገኘ አዲስ ውኃ በየጊዜው ይገባል ማለት ነው። አዲስ ውኃ የሚገባው የሚወጣ ስላለ ነው። የሚወጣውስ በምን ምክንያት ነው? ቀደም ብዬ የነገርኋችሁን መጠን አስቡ፤ 200 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ አምስት ሊትር ተኩል ያህል ይሰፋል። ይህን ትርፍ የሚቀበል፣ በጎማ ሽፋን ተከፍሎ በአንድ በኩል አየር የታመቀበት ጋን በየማሞቂያው አለ። በዚያ ቤት የጋኑ አየር ወጥቶ አልቆ ነበር፤ ስለዚህ ውኃው በሞቀ ቍጥር ትርፉ በደኅንነት ቫልቩ በኩል ወደ ፍሳሽ ይወጣ ነበር፤ በቀዘቀዘ ጊዜም ግፊቱ ይወርድ ነበር፤ ሴቲቱም በየሳምንቱ ቧንቧውን ከፍታ ትሞላው ነበር። ለምን አልነገርሽንም ብንላት፣ «የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። እውነቷን ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን በተራ ስናየው፣ አየር ያጣ ጋን ውኃውን አስወጣ፤ የወጣው ውኃ አዲስ ውኃ ጠራ፤ አዲሱ ውኃ አየርን አመጣ፤ አየሩ ብረቱን አዛገ፤ ዝገቱ ኩሽኔታውን በላ፤ ኩሽኔታው ፓምፑን ገደለ። እኔ የመጨረሻውን ሟች ብቻ አይቼ ነበር። በዚያን ቀን ጋኑን ለወጥን፤ ቧንቧዎቹን ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ድረስ አጠብን፤ በመመለሻው ቧንቧ ላይ ዝገት የሚይዝ ባለ ማግኔት ማጣሪያ ተከልን፤ ፓምፑንም ከሁሉ በኋላ ገጠምን። ያ ፓምፕ እኔ ከዚያ አገር እስክወጣ ድረስ ይሠራ ነበር።

ይህን ሁሉ በደብረ ሲና የምናገረው ስለ ምንድን ነው? በከተማችን በሙቅ ውኃ የሚሞቅ ቤት ባይታይም፣ ፓምፕ ግን በየግቢው ገብቷል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ስፍራ ሁሉ ሰው ሮቶ ተክሎ፣ ፓምፕ ገዝቶ፣ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣል፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ሆቴሉም እንዲሁ። ፓምፑም ይሞታል፤ ባለቤቱም አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ይሞታል፤ ዕቃው የማይረባ ነው ተብሎ ይረገማል እንጂ፣ የገደለው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔ ከተመለስሁ ወዲህ የፈታኋቸውን ይዤ ገዳዮቹን በስማቸው ልጥራላችሁ። አንደኛው ያለ ውኃ መሽከርከር ነው፤ ፈረቃው ሲቋረጥ ታችኛው ጋን ባዶ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ይዞራል፤ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ስለሌለ ጎሚኒው ይቃጠላል፤ ይህን የሚከለክለው ውኃው ሲጐድል ኤሌክትሪኩን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል መውረድ ነው፤ ኃይሉ ሲደክም ሞተሩ ሥራውን ለመፈጸም ብዙ ጅረት ይስባል፣ ጥቅል ሽቦውም ይግላል፤ ስለዚህ አምፖሉ በደበዘዘበት ሰዓት ፓምፕ አይነሣም። ሦስተኛው በክረምት ጎርፍ የሚመጣው ደለል ነው፤ ጋን በየዓመቱ ይታጠብ፣ በመሳቢያው አፍም ወንፊት ይግባ። አራተኛው ከባልቴቷ ቤት ያገኘነው ያው ገዳይ ነው፤ ግፊት የሚጠብቀው ትንሽ ጋን አየሩን ሲያጣ ፓምፑ በየደቂቃው እየተነሣ እየወደቀ ራሱን ያደክማል። አምስተኛው ከፍታችን ነው፤ በባሕር ጠረፍ የአየር ክብደት ውኃን በስበት እስከ 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ሲችል፣ በእኛ አገር አየሩ ሩብ ያህል ክብደቱን ስላጣ ልኩ ሰባት ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ የቧንቧው ግጭትና ሌላው ሁሉ ሲቀነስለት አምስት ሜትር ገደማ ይቀራል። ስለዚህ በቆላ ከሰባት ሜትር ጕድጓድ ውኃ ያወጣ የነበረ ፓምፕ እዚህ መጥቶ አልስብ ቢል፣ ጥፋቱ የስፍራው ምርጫ ነው፤ ፓምፑ ወደ ውኃው ይውረድ እንጂ አይለወጥ።

ጥበብ ከዚህ አውራጃ እንግዳ እንዳልነበረች ታሪካችን ይመሰክራል። የስዊስ አገር ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አገልግሎት ሲመጣ የደረሰው ከእኛው አንኮበር ነው፤ በኋላም በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1894 ከእንጦጦ ምንጭ ውኃን በቧንቧ ስቦ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ኮረብታ አወጣ። ምንጩ ከኮረብታው ከፍ ያለ ስለ ነበር ውኃው በራሱ ክብደት ወጣ፤ ፓምፕ አላስፈለገም፤ መሐንዲሱ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ተፈጥሮን ጠይቆ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክም ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ ገሥጸዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል፤ ቢሆንም ዛሬም ልጁ ቧንቧ ሠራተኛ እሆናለሁ ሲለው ፊቱን የሚያዞር አባት በመካከላችን አይጠፋም። ያ አባት የልጁ እጅ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ፣ ጋኑ ደርቆ ሕመምተኛ በቤቱ ሲተኛ፣ የጥበብን ክብር ያውቃል፤ ነገር ግን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻል ነበር።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ሙያ አትናቁት። ካቻቪቴና መፍቻ መያዝ የእጅ ሥራ ነው፤ ይህን የገደለው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን የኅሊና ሥራ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ሲገናኙ ባለ ሙያ ይባላል። ባለ ቤቶች ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይላልና፣ ፓምፓችሁ እስኪቆም አትጠብቁ፤ ድምፁ ሲለወጥ፣ ሥሩ ሲረጥብ፣ ገላው ከልማዱ ይልቅ ሲግል፣ ያን ጊዜ ሰው ጥሩ። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ሆይ፣ በየፓምፑ ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር ስቀሉ፤ የተገጠመበት ቀን፣ የተበላሸበት ቀን፣ የተበላሸበትም ምክንያት ይጻፍበት። ምክንያቱ ያልተጻፈበት ገጽ ካገኛችሁ፣ አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ገንዘብ አትፍቀዱ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደየቤታችሁ ስትገቡ፣ ዛሬ ማታውኑ፣ መዳፋችሁን በፓምፓችሁ ላይ አኑራችሁ አዳምጡት። የሞተ ካገኛችሁም አዲሱን ከመግዛታችሁ በፊት የገደለውን ፈልጉ። እግዚአብሔር አገራችንንና የእጃችንን ሥራ ይባርክ።